የነገረ ሙቀት ባለቤት

ኤንትሬ የሚሉት የጭነት መኪና የቡሬን ኬላ አልፎ የፍኖተ ሰላምን መንገድ ሲይዝ፣ ስንዱ ከበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጣ በነጠላ የጠቀለለችውን የወፍጮ መጅ በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ በወጣ ቁጥር ድንጋዩ ጭኗን ይደቁሳታል። ጎኗ ብታስቀምጠው እንደሚሻላት ታውቃለች፤ አላስቀመጠችውም። ንዴቷ የሚጨብጠው ነገር ይፈልግ ነበር።

ኬላው ላይ ሚሊሻው ነጠላውን ገልጦ ሲያይ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«መጅ ነዋ! እናትህ በምን ፈጭታ ኑሯል ያሳደገችህ?»

«መጅነቱንማ አየሁት። ወዴት ነው የምትወስጅው ብየ ነው እንጂ።»

«ስብሰባ።»

ሚሊሻው የይለፍ ወረቀቷን አገላብጦ አየ። የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም አርፎበታል፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ መሆኗም ተጽፎበታል። ድንጋይ ይዞ መሄድን የሚከለክል መመሪያ ትዝ አላለውም መሰል፣ «እለፉ» አለ። ሹፌሩ ገደፋው አንገቱን ከጋቢናው አውጥቶ፣ «እትዬ ስንዱ፣ ፍኖተ ሰላም ድንጋይ አለቀ እንዴ?» ሲላት፣ «ድንጋይማ ሞልቷል። ዛሬ አዳራሽ ከሚሰበሰበው ግን ይኸኛው ይሻላል» አለችው። ጆንያ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

የካቲት 1972 ዓ.ም. ነው። ነገሩ የጀመረው ከአምስት ቀን በፊት፣ በገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ጎልማሶችን ስታስነብብ ነበር። ከአውራጃው አዲስ የንባብ ወረቀት መጥቷል፤ በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ ጣት የሚያቆሽሽ። ከላይ «ነገረ ሙቀት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «በመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ»። ስንዱ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረችና ሦስተኛው መስመር ላይ ድምጿ ተቆረጠ። አራተኛውን መስመር ሳታየው ታውቀው ነበር። አምስተኛውንም፣ ስድስተኛውንም።

«እሳት በሌለበት ሙቀት ከየት ይመጣል? ከክንድ ይመጣል። ክንድ ሲደክም ብረት ይሞቃል። ከዚህ የጎደለው እዚያ ይገኛል፤ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ሙቀት የእንቅስቃሴ ልጅ ነው እንጂ የእሳት ብቻ ሀብት አይደለም።»

ቃሉ ሁሉ የመምህሯ የእማሆይ እህተ ማርያም ቃል ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ እሳቸው ድንጋይ ያሉትን መሪጌታው ብረት ብሎታል። ወፍጮና መጅ ሰይፍና ሞረድ ሁነዋል። ሊቅ የተባለ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ዱቄት መታየቱ አሳፍሮት ነው።

እማሆይ እህተ ማርያም ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር የኖሩ መነኩሲት ናቸው። የቅኔ መምህር አባታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ለሴት ልጃቸው አስተማሩ፤ ባላቸው ሲሞት ቆብ ደፍተው ለመጣው ሁሉ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ማስተማር ጀመሩ። የዘመኑ ሊቃውንት ሙቀት ከአራቱ ባሕርያት የእሳት ነው ብለው ዘግተውት ነበር። እማሆይ ግን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ሲፈጩ ኑረዋል፤ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ዱቄት እጅ እንደሚያሞቅ ያውቃሉ። እሳቱ የታለ ብለው ጠየቁ። ጠይቀውም አልተቀመጡም። አንድ ዓይነት እህል በአንድ መስፈሪያ እየሰፈሩ፣ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ፣ አንዴ በዝግታ አንዴ በጥድፊያ እየፈጩ፣ ዱቄቱን በጉንጫቸው እየለኩ ሁለት ክረምት ከበጋ ሞከሩት። የሚፈጨው ክንድ ለውጥ ያመጣ እንደሆን ብለውም በሴት ክንድ ብቻ አላቆሙም፤ ወንድ አስፈጭተው አዩ። ከዚያ ብራና ፍቀው አንድ ኩራስ ጻፉ።

ብራናውን ይዞ የሄደው ተማሪያቸው ወልደ ዮሐንስ ነው። «ከኔ እጅ አይቀበሉትም፤ ካንተ ይቀበሉህ ይሆናል። ለሊቃውንቱ አሳይና መልስልኝ» አሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ያ ኩራስ አልተመለሰም። ወልደ ዮሐንስ ግን መሪጌታ ሆነ፤ ስለ አራቱ ባሕርያት የሚከራከሩ መምህራን «በወልደ ዮሐንስ መንገድ» እያሉ መፍታት ጀመሩ፤ የፍኖተ ሰላም የፊዚክስ መምህራን ሳይቀሩ ስሙን እየጠሩ አስተማሩበት። ወሬው መንደር ሲደርስ ስንዱ በንዴት አበደች። እማሆይ ደግሞ ቁጭ ብለው፣ «ምን ያንጨረጭርሻል ልጄ? ተሻገረ እንጂ አልጠፋ» ይሏታል። ይህን ሲሏት ይብስ ትናደድ ነበር። ባለፈው ኅዳር ዐረፉ፤ ከመንደሩ ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ዐረፉ።

አሁን ደግሞ መጽሐፍ ሊሆን ነው። ጥንታዊ የሕዝብ ዕውቀት የሚሰበስብ ኮሚቴ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መጥቷል፤ ዛሬ መሪጌታውን በአዳራሽ ሰምቶ ጽሑፉን ይዞ ይመለሳል። አንዴ ታትሞ ከወጣ የወልደ ዮሐንስ ስም ከዚያ ጽሑፍ ላይ የሚፋቅበት ቢላ የለም። ስንዱ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የመምህሯ ስም የኮሚቴው መኪና ሳይነሳ ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር።

ማንኩሳን አልፈው ሽማግሌዎቹ እስካሁን ወጀት የሚሏት ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ረፋድ ሁኖ ነበር። ገደፋው በቆሎውን መጋዘን አራግፎ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአዳራሹ በር ሊወስዳት ተስማሙ።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ተሰብሳቢው ሁሉ ወንድ ነው፤ ሴቶቹ ከጓሮ ለእንግዶቹ ምሳ ይሠራሉ። መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ መካከሉ ላይ የአውራጃው ካድሬ ጓድ አድማሴ ካኪውን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ በቀኙ ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር፣ በግራው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ጭራውን ይዞ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ የመሪጌታው ወንዶች ልጆችና አማቾች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንዲት ታይፒስት ጽሕፈት መኪናዋን አቅርባ ትጠብቃለች።

ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነው። «መሪጌታ፣ ጽሑፍዎ የሚያልቀው በጥያቄ ነው» አለ። «የሞቀው መልሶ ሲበርድ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል ብለው ያቆማሉ። መልሱን አግኝተውታል?»

መሪጌታው ጭራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። «እሱ እንኳ ገና ምርምር ላይ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ሃያ ሁለት።»

ስንዱ ከኋላ ተነሳች። መልሱን የምታውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። እማሆይ የመጀመሪያው ኩራስ ከሄደባቸው በኋላ ዘጠኝ ዓመት ደክመው መልሱን አገኙ፤ ብራና ግን ዳግመኛ አልፋቁም። ሁለተኛውን ክፍል በቃል ለስንዱ አስጠኗት፤ ቃል በቃል፣ እንደ ዳዊት።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ማን ነሽ አንቺ?» አለ ጓድ አድማሴ።

«ስንዱ እባላለሁ። ከቡሬ ገጠር ነኝ፤ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ።»

«ጠይቂ። አጭር ይሁን።»

በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጥታ መጁን ከነነጠላው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የሻይ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ነጠላውን ስትገልጠው መሪጌታው እሷን አላየም፤ ድንጋዩን አየ። በአንድ በኩል የመዳፍ ቅርጽ የሚያህል ጎድጓዳ አለው። አወቀው። ፊቱ ላይ ደም እንዳልቀረ ስንዱ ስታይ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷንም አልደበቀችም። በልቧ አንተ ካለችው ሰንብታለች፤ በአፏ ግን ክብሩን አልነሳችውም።

«እንደምን ሰነበቱ መሪጌታ? ጽሑፉ ላይ ‹በሴት ክንድም በወንድ ክንድም ሞከርሁት፤ ሙቀቱ አንድ ነው› የሚል አለ። የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የሞከሩትም ሰይፍ በሞረድ ሲስሉ ነው?»

«እንደ ተጻፈው ነው።»

«እንግዲያ ሰይፍ የሳለችልዎ ሴት ማን ነበረች?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ አገር ሴት ሰይፍ ስትስል ያየ ሰው የለም። መሪጌታው ድንጋዩን ከጽሑፉ አውጥቶ ብረት ሲተካ፣ ክንዶቹን እንዳሉ ረስቷቸው ኑሯል።

«ምሳሌ ነው» አለ።

«ምሳሌ? ሞከርሁት ይላል እኮ! ዶክተሩን ለምሳሌ ነው ከአዲስ አበባ ያደከሟቸው?» ስንዱ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ሰይፍ አልነበረም። ይኸ መጅ ነበር። የሴቷ ክንድ የእማሆይ እህተ ማርያም ነው፤ ጽሑፉም የሳቸው ነው። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እህሉን የሰፈርኩ እኔ ነኝ። የወንዱ ክንድ የማን እንደነበር መሪጌታ ያውቁታል። በሩን ዘግተው፣ ሰው እንዳያይዎ እኔን ደጅ አቁመው ነው የፈጩት። አሁንም እላለሁ፤ ጽሑፉ የእርስዎ ከሆነ ክንዱም የእርስዎ ነው። ከወፍጮ ሥር ተንበርክኬ ፈጭቻለሁ ይበሉና መጽሐፉን ይውሰዱ።»

ወንድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ቆሎ ተማሪ ሁኖ ደጅ ለደጅ ቢለምንም አያፍርም። ፈጨ ከተባለ ግን ያ ሰው አለቀለት። በማግስቱ ገበያ ላይ ይወራል፤ በሠርግ ይዘፈንበታል፤ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ስንዱ ይህን ልማድ ትጠላዋለች። ዛሬ ግን በእጇ ያለ መሣሪያ እሱ ብቻ ነበርና አነሳችው።

መሪጌታው አማቾቹን አየ። መጁን አየ። በመጨረሻ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ወንድ ነኝ!» አለ። «ወፍጮ ሥር ተንበርክኬ አላውቅም!»

አማቾቹ አጨበጨቡ። ከኋላም አጨበጨቡ። መሪጌታው ቀና ብሎ ጭብጨባውን ሲቀበል፣ ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ «እንግዲያ ይህን ሙከራ ያደረጉት እርስዎ አይደሉም ማለት ነው» አለው። ያን ጊዜ ነው የገባው። እጁ ላይ ያለው ጭራ ቀስ ብሎ ወረደ።

ስንዱ እፎይ አለች። «ስማቸው እህተ ማርያም ነው» አለች ዶክተሩን። «ይጻፉልኝ። እማሆይ እህተ ማርያም።»

ዶክተሩ ብዕሩን አነሳ። ጓድ አድማሴ መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈበት።

«ጓዶች!» አለና ተነሳ። «ይህ ክርክር ምን ያስተምረናል? ጽሑፉ የመሪጌታም፣ የአንዲት መነኩሲትም አለመሆኑን ያስተምረናል። መጅ የማን ነው? የጭቁኑ ሕዝብ ነው! ላቡ የማን ነው? የጭቁኑ ሕዝብ ነው! የግለሰብ ስም ማምለክ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ስለዚህ ‹የጎጃም ጭቁን ሕዝብ ሥራ› ተብሎ ይታተማል።»

ጭብጨባው ከቅድሙ በረታ። ስንዱ ጆሮዋን አላመነችም።

«መፍጨትማ ያልፈጨች ሴት የት አለች?» ብላ ጮኸች። «ሁሉም ፈጭታለች። ለምን ይሞቃል ብለው የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው! እሳቸው ከሕዝቡ አይደሉም? ስም ያለው ሰው ጭቁን አይሆንም?»

«ጓድ፣ ተቀመጭ።»

«አልቀመጥም! ሰውየው ሰረቃቸው፤ እርስዎ ደግሞ የተሰረቀውን ለሁሉም አከፋፈሉት። ለሳቸው ምን ቀረላቸው?»

አድማሴ ወደ ታይፒስቷ ዞሮ፣ «የፊት ገጹን አንብቢልን» አላት። ልጅቷ እሱ ሲናገር ከመታችው ወረቀት ላይ አነበበች። «ነገረ ሙቀት። የጎጃም ጭቁን ሕዝብ ሥራ። አሰባሳቢና አዘጋጅ፦ ጓድ አድማሴ።»

ስንዱ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳቅ ከተባለ። «የእርስዎስ ስም? የማን ርዝራዥ ነው እሱ?»

«ኃላፊነት ነው!» አለ አድማሴ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ዶክተሩ አንገቱን አቀርቅሮ፣ በለሆሳስ፣ «እህቴ፣ ቀሪውን ክፍል ታውቂዋለሽ? የት ነው የሚሄደው ሙቀቱ?» አላት።

«አውቀዋለሁ። ስማቸውን ይጻፉና አሁኑኑ ቁጭ ብየ አስጽፍዎታለሁ።»

ዶክተሩ አድማሴን አየ። አድማሴ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ዶክተሩ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ይህን ያህል የተማረ ሰው ብዕሩን እንደዚያ ሲከት ስታይ ከመሪጌታው ይልቅ እሱን ጠላችው።

«እንግዲያ አልናገርም።»

«የሕዝብ ዕውቀት መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?» አለ አድማሴ።

«ገና አሁን የሕዝብ ሆነ? እማሆይ በሕይወት እያሉ ማን መጥቶ ጠየቃቸው?»

እንግዳ ባይኖር ኖሮ ከዚያ አዳራሽ በእግሯ አትወጣም ነበር። አድማሴ ግን ዶክተሩን በጎን አይቶ፣ «ቡሬ ድረስ መጥተን እናነጋግርሻለን» ብሎ ብቻ ተወው። ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። መጁን ጠቅልላ ወጣች።

ገደፋው በተባለው ሰዓት ከበሩ ፊት ቆሞ ነበር። ባዶው ጆንያ ላይ ወጥታ ሳትደላደል መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ መኪናው መጣ። ጭራውን ጥሎታል። በትሩንም አልያዘም።

«ስንዱ፣ ልጄ።»

«ልጅዎ አይደለሁም።»

«አይደለሽም። እውነትሽን ነው።» የመኪናውን ጎን በሁለት እጁ ያዘ። «ስሙን ይውሰዱት፤ ለኔም አልሆነ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ብረት አግየ አየሁ፤ ውኃ አፍልቼ አየሁ፤ አልሆነልኝም። ድንጋዩ ሲበርድ ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል? አገኙት?»

ብረት አላለም፤ ድንጋይ አለ።

«አገኙት» አለች።

የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ። «አውቄ ነበር!» አለ፤ ፊቱ እንደ ተማሪ ፈካ። «እንደሚያገኙት አውቄ ነበር! እሳቸው እያሉ ማን ያገኘዋል ሌላ!»

ደስታው እውነት ነበር። ስንዱን ያቃጠላትም ይኸ ነው፤ ውሸታም ብቻ ቢሆን ይቀልላት ነበር። እማሆይን ከልቡ ያከበራቸው ሌላ ሊቅ አልነበረም፤ የሰረቃቸውም እሱ ነው። ይህን ቃል እሳቸው እያሉ፣ አንድ ቀን መጥቶ፣ ደጃቸው ላይ ቆሞ ቢለው ምን ነበረበት?

«ዶክተሩ ገና አልሄደም» አለችው። «ይመለሱና ፈጭቻለሁ ይበሉ፤ እማሆይ አስፈጭተውኝ ፈጭቻለሁ ይበሉ። እኔ አንድ ምስክር ነኝ፤ እርስዎ ሲጨመሩ ሁለት ነን። አንድ ሊቅ በራሱ ላይ ሲመሰክር አድማሴም ቢሆን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስማቸውን ለመፋቅ ይከብደዋል። እሱን ይበሉ፤ እዚሁ ቁሜ እጠብቅዎታለሁ። መልሱን እስከ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።»

መሪጌታው ዞሮ በሩን አየ። አማቾቹ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ቆመ። አንዱ አማች «ምነው መሪጌታ፣ ምን ሆኑ?» አለው። ምንም አልሆንኩም እንደሚል ሰው እጁን አወናጨፈና ወደ መኪናው ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሄደ፤ ከደረጃው ሥር ደረሰ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ። ስንዱ ከመኪናው ላይ ሆና ታየው ነበር። እግሩን አወረደው።

ገደፋው ሞተሩን አስነሳ። «እትዬ፣ እንሂድ?»

«ቆይ።»

መሪጌታው ተመልሶ መጥቶ የመኪናውን ጎን ያዘ። «አልቻልኩም» አለ። «እኔስ መሳቂያ ልሁን፤ ልጆቼ ግን... በልጆቼ ይዘፈንባቸዋል። ስንዱ፣ እባክሽ። በእማሆይ ነፍስ! ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳላውቀው ልሙት?»

«እንሂድ» አለች ስንዱ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ጎኑን እንደያዘ አብሮት ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ ለቀቀው። አቧራው መካከል ቆሞ «ወዴት ነው የሚሄደው?» እያለ ሲጮህ ይሰማታል። እማሆይ እህተ ማርያም ቢሆኑ ኖሮ መኪናውን አስቁመው ይነግሩት ነበር፤ የጠየቃቸውን ሰው፣ ሌባም ይሁን ምን፣ አንድ ቀን ሳይመልሱለት ሸኝተው አያውቁም። ስንዱ ይህን ታውቃለች። አልነገረችውም።